«ባያስ» ሁሉ አድልዎ ነውን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ናቸው። «ባያስ» የሚለውን ቃል ባገኙበት ሁሉ «አድልዎ» አሉት። አርታኢያቸው በቀይ አስምረው «ዝንባሌ ይባል» ብለው መለሱላቸው። ጠያቂያችንን ግን ሁለቱም አልጣማቸውም፤ «ቃሉ ከየት የመጣ ነው? ትክክለኛ ትርጉሙስ የትኛው ነው? ከእኔና ከአርታኢዬ ማን ልክ ነው?» ይላሉ። ከመመሪያው ሦስት ዓረፍተ ነገሮችም አያይዘው ልከዋል፤ አንዱ ስለ ናሙና፣ ሁለተኛው በነርቭ መረብ ውስጥ ስለሚደመር ቁጥር፣ ሦስተኛው ስለ አንድ የቅጥር ሥርዓት ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር። ከላኳቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በአንዱ እርስዎ ልክ ነዎት፤ አርታኢዎ በአንዱም ልክ አይደሉም። የሚገርመው ግን ከእንግሊዝኛው ቃል ሥር ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው የእርሳቸው ምርጫ ነው። አንድ ቃል ለሥሩ ታማኝ ሆኖ ለዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንግዳ እንደሚሆን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በዚህ ቃል እኔም ተቀጥቼበታለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የጤና ጥናት ስተረጉም፣ ናሙናው ወደ ከተማ ነዋሪዎች ያጋደለ መሆኑን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር «በናሙናው አመራረጥ አድልዎ ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍሁት። አጥኚው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ «ለመሆኑ ያዳላሁት ለማን ነው?» አሉኝ። ጥናታቸው ድክመቱን በሐቀኝነት የሚናገር ነበር፤ የእኔ አማርኛ ግን ኑዛዜ አስመሰለው።

«ባያስ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ቢዬ» ሰያፍ፣ ገደድ ያለ፣ ወደ ጎን የሄደ ማለት ነው። ፈረንሳይኛም ከደቡቡ ጎረቤቱ ከኦክሲታንኛ ሳይወስደው አልቀረም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭጋግ ነው። አንዳንዶች «ኤፒካርሲዮስ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል፣ ማለትም «አግድም፣ ሰያፍ» ከሚለው፣ ያመጡታል። የድሮ ሊቃውንት ደግሞ በላቲን «ሁለት ፊት ያለው» ከሚል ቃል የወጣ ነው ይሉ ነበር፤ ለስብከት የሚመች ታሪክ ቢሆንም የድምፅ ለውጥ ሕግ አልደገፈውምና ተትቷል። ጥሩ መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ «ምንጩ አይታወቅም» ብለው ይቆማሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በቃሉ ውስጥ ዳኛ የለም፤ ጋዜጠኛም የለም። ያለው ሰያፍ መስመር ነው፤ ያ መስመርም አስቀድሞ የታየው በጨርቅ ላይ ነው።

አንድ የጥጥ መሐረብ ያንሡ። በድሩ አቅጣጫ ይሳቡት፤ ክር ነውና አይንቀሳቀስም። በማጉ አቅጣጫ ይሳቡት፤ ያው ነው። አሁን ደግሞ ከቀኝ ላይኛው ማዕዘን ወደ ግራ ታችኛው ይሳቡት። ይለጠጣል። መሐሉ ይሸበሸባል፣ ጎኖቹ ይጠባሉ፣ አራት ማዕዘኑ መሐረብ ይንጋደዳል፤ ሲለቁት ደግሞ ይመለሳል። ክሮቹ አልረዘሙም፤ ድርና ማጉ የተገናኙበት ዘጠና ዲግሪ ነው የተጣመመው። ይህ የ45 ዲግሪ አቅጣጫ በእንግሊዝኛ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ እስከ ዛሬ «ባያስ» ይባላል። የሹራብ ሥራ ባልተስፋፋበት ዘመን የአውሮፓ ወንዶች ከባት እስከ ጭን የሚያጠልቁት ጥብቅ የእግር ልብስ ከሽመና ጨርቅ የሚቆረጠው በሰያፍ ነበር፤ አለዚያ ጉልበት ማጠፍ አይቻልም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ደግሞ ፓሪስ ላይ ማድሌን ቪዮኔ ሙሉ ቀሚስ በዚህ መንገድ እየቆረጠች ጨርቁ እንደ ውኃ በገላ ላይ እንዲወርድ አደረገች። ዋጋው የጨርቅ ብክነት ነው፤ በሰያፍ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ቁራጭ ይጥላል። የአንገትና የክንድ መግቢያን የሚከፍፈው ቀጭን ጥብጣብም በሰያፍ የሚቆረጠው ክብ ዙሪያን ሳይሸበሸብ እንዲከተል ነው። እዚህ ላይ «ባያስ» ጥፋት ሳይሆን ጥበብ ነው።

ቃሉን ከጨርቅ ወደ ሰው ልብ የወሰደችው ድልድይ ኳስ ናት።

እንግሊዞች በተከረከመ ሣር ላይ የሚጫወቱት «ቦውልስ» የሚባል የቆየ ጨዋታ አለ። ጃክ የምትባል ትንሽ ኳስ ሜዳው ላይ ትቀመጣለች፤ ተጫዋቾች ትልልቆቹን ኳሶች እያንከባለሉ ወደ እርሷ ይበልጥ ለመቅረብ ይፎካከራሉ። ምሥጢሩ ትልልቆቹ ኳሶች ድቡልቡል አለመሆናቸው ነው። አንደኛው ጎናቸው ከሌላው ጎን ይለያል፤ ድሮ ከባድ ነገር እስከ መጨመር ይደረስ ነበር፤ ዛሬ ሥራው ሁሉ የቅርጽ ነው። ከ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ይህ ማጋደል «ባያስ» ተባለ። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ትመስላለች። ፍጥነቷ ሲበርድ ወዳጋደለችበት ጎን መዞር ትጀምራለች፤ ልትቆም ስትል እንደ ማጭድ ትታጠፋለች። ልብ ይበሉ፤ በጉልበት ስትወረወር ማጋደሏ አይታይም፣ የሚጋለጠው ስትዘገይ ነው። ለሰው ጠባይ ይህን ያህል የተመቸ ምሳሌ ሜዳ ላይ ወድቆ አንድም ባለቅኔ ሳያነሣው ሊያልፍ አይችልም ነበር።

አንሥተውታልም። ሼክስፒር «ሪቻርድ ሁለተኛ» በተባለው ተውኔቱ ያዘነችውን ንግሥት አጃቢዋ «ቦውልስ እንጫወት» ስትላት፣ ንግሥቲቱ ዓለም በእንቅፋት የተሞላች መሆኗንና ዕድሏም ከማጋደሏ በተቃራኒ እየተንከባለለ መሆኑን ያስታውሰኛል ብላ ትመልሳለች። ተመልካቹ ጨዋታውን ስለሚያውቅ ማብራሪያ አላስፈለገውም። (የስፔን የጦር መርከቦች በ1588 ሲመጡ እንግሊዛዊው የባሕር አዛዥ ፍራንሲስ ድሬክ ፕሊመዝ ላይ ቦውልስ እየተጫወተ ነበር፣ ጨዋታዬን ልጨርስ አለ የሚባለውም ከዚሁ ሜዳ የተቀዳ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች አፈ ታሪክ ነው ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን አይለቁትም።)

ከኳሱ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው መቶ ዘመን ውስጥ፣ «ባያስ» ለአእምሮ መዋል ጀመረ፤ የልብ ማጋደል ሆነ። ከዚያም በተለይ በሕግ ቋንቋ ያልተገባ ማጋደል፣ ፍርድን የሚያጣምም ዝንባሌ ማለት ሆነ። ዛሬ በጋዜጣ የምናገኘው ይህ የመጨረሻው ትርጉም ነው። ቀዳሚዎቹ ግን አልሞቱም፤ ሁሉም በየሙያቸው በሕይወት አሉ። የተርጓሚ ራስ ምታት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንግባ። «አድልዎ» የሚለው ቃል የተወለደው ሜዳ ላይ አይደለም፤ ሚዛን ላይ ነው። በግዕዝ «ደለወ» መዘነ ማለት ነው፤ «መዳልው» ሚዛን ነው። የተመዘነና ልክ ሆኖ የተገኘ ነገር የሚገባ ይሆናልና፣ ሥልጣነ ክህነት ሲሰጥ ምእመናን «ይደልዎ!» የሚሉት፣ ይገባዋል ማለታቸው፣ ከዚሁ ሥር ነው። «አድለወ» ሲሆን ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ተደፋ፤ ፊት አይቶ ፈረደ ማለት ይሆናል። ግዕዙ በዚህም አላበቃም፤ በማቴዎስ ወንጌል ጻፎችና ፈሪሳውያን የሚወቀሱበት «መደልዋን» የሚለው ስም፣ ግብዞች ማለት፣ ያው ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከአንድ ሥር የሚገባው ሰውም፣ የሚያዳላ ዳኛም፣ ግብዝም ወጡ። በሁሉም ውስጥ ሚዛን የያዘ እጅ አለ። የእንግሊዝኛው ኳስ ግን ማንም ሳይነካው ራሱ ያጋድላል።

የሁለቱ ቃላት ልዩነት ለእኔ ይህ እጅ ነው። አድልዎ ሲባል አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ያዳላውን እና የተበደለውን። ሁለቱ በሌሉበት ቃሉን ካስገባን አንባቢ ወንጀለኛ ፍለጋ ይወጣል። በእኔ አጥኚ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አማርኛ ራሱ ልዩነቱን በአንዲት ፊደል ይጠብቃል። «ወደ ቀይ የሚያደላ ቡና ዓይነት» ስንል ማንም አይቆጣም፤ ቀለሙ ወደዚያ ዘንበል ያለ ነው። «ለታናሽ ልጁ ያዳላል» ስንል ግን የታላቁ ልጅ ቅሬታ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይሰማል። «ወደ» ሲቀድመው ማድላት የአቅጣጫ ነገር ነው፤ «ለ» ሲቀድመው ማዳላት የፍትሕ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው «ባያስ» በየዓረፍተ ነገሩ «ወደ» ነው ወይስ «ለ» ብለው ይጠይቁት፤ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

«ዝንባሌ»ስ? ሥዕሉ ደስ ይላል። እንስራ አዘንብሎ መቅዳት፣ ራስን ዘንበል አድርጎ መስማት፤ ከሰያፉ ጨርቅና ካጋደለችው ኳስ ጋር ጎረቤት ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት ወሰደውና አሳመረው። ዛሬ «ልጁ የሥዕል ዝንባሌ አለው» ሲባል ወላጅ ቀለምና ወረቀት ይገዛል። «ዳኛው ዝንባሌ አላቸው» ብለው ቢጽፉ አንባቢው ክራር ይመታሉ ብሎ ሊያስብ ይችላል። አርታኢዎን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቃሉ ለዚህ ሥራ በጣም ጨዋ ሆኗል።

«ወገንተኝነት» ለመገናኛ ብዙኃንና ለፖለቲካ ይስማማል፤ ወገን ካለ። «ጭፍን ጥላቻ» ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሳያዩ መፍረድ ነው፤ ባያስ ያየውንም ሰው ይይዘዋል።

ለመለኪያና ለቁጥር እኔ የምመርጠው «ዝንፈት» ነው። «ቃሉ ዝንፍ አይልም» ስንል ምን እንደማይሆን ሁላችን እናውቃለን፤ ታዲያ ዝንፍ ያለ ጊዜ ስሙ ዝንፈት ቢሆን ምን ይገርማል? የሱቅ ሚዛን ያስቡ። አንደኛው ሚዛን ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ኪሎ ስኳር አንዴ 980፣ አንዴ 1020 ግራም ይለዋል። ደጋግመው መዝነው ቢያማክሉት እውነቱን ይነግርዎታል። ሌላኛው አይንቀጠቀጥም፤ 950 ግራሙን ስኳር ሁልጊዜ አንድ ኪሎ ነው ይላል። መቶ ጊዜ ቢመዝኑበት መቶ ጊዜ ያው ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ዝንፈት ነው። ስታቲስቲክስ «ባያስ» የሚለው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ በብዛት የማይድነውን። (ባለ ሱቁ እያወቀ ከሆነ ደግሞ አድልዎም አይደለም፣ ሌላ ስም አለው።)

ብዛት እንደማያድን የታየበት ዝነኛው ጊዜ 1936 ነው። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ውጤቱ አልፍ ላንደን በ57 በመቶ ገደማ ያሸንፋሉ አለ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ወደ 61 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው ከ48ቱ ክፍላተ ግዛት 46ቱን ወሰዱ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ካርዱን የመለሱትም ካልመለሱት የተለየ ስሜት የነበራቸው ነበሩ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋለፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ዳይጀስት ለላንደን አላዳላም፤ አላሴረም። ሚዛኑ ዛነፈ እንጂ።

የሥነ ልቦናው «ባያስ» ከዚህ የተቀዳ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከ0 እስከ 100 የተጻፈበት ክብ ሲሽከረከር እንዲያዩ አደረጉ። ክቡ ሆን ተብሎ 10 ላይ ወይም 65 ላይ እንዲቆም የተሠራ ነበር። ከዚያ በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ካሉት አገሮች ስንት በመቶው አፍሪካውያን እንደሆኑ እንዲገምቱ ጠየቋቸው። 10 ያዩት ሰዎች መካከለኛ ግምት 25፣ 65 ያዩት ደግሞ 45 ሆነ። የሚሽከረከር ክብ ስለ አፍሪካ ምንም እንደማያውቅ ማንም አያጣውም፤ ግን ሳባቸው። እዚህ ላይ የተበደለ የለም፤ ያዳላም የለም። «የአስተሳሰብ ዝንፈት» ብል አላፍርም።

እስካሁን ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እጅ ካለ አድልዎ፣ እጅ ከሌለ ዝንፈት። እርስዎ የያዙት መመሪያ ግን ይህን መስመር ያፈርሰዋል። ሮይተርስ በ2018 እንደዘገበው፣ አማዞን የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ እያየ ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ የተማረው በአሥር ዓመት ውስጥ ከገቡ ማመልከቻዎች ነው፤ አብዛኛዎቹ የወንዶች ነበሩ። ማሽኑም «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ማስረጃ፣ ለምሳሌ የሴቶች የቼዝ ክበብ መሪ ነበርሁ የሚለውን፣ ነጥብ መቀነስ ለመደ። ኩባንያው ሥራውን ተወው። አሁን ይንገሩኝ፤ እዚህ ላይ እጅ አለ? ማንም ሴቶችን ቀንሱ ብሎ አልጻፈም። መረጃው ዛነፈ፣ ልክ እንደ ዳይጀስት። ነገር ግን በሌላው ጫፍ የተበደለች ሴት አለች። ከላይ አማርኛ ሁለት ሰው ይፈልጋል ብያለሁ፤ እዚህ ግማሹ ብቻ ተገኘ። እኔ የምፈርደው ለተበደለችው ነው። መንሥኤውን «ዝንፈት»፣ ውጤቱን «አድልዎ» እለዋለሁ፤ እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ስላፈነ እኛ የመለየት ዕድል አግኝተናል። «በመረጃው ዝንፈት ምክንያት ሥርዓቱ በሴቶች ላይ አድልዎ አደረገ» የሚለው አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል ብል ትዕቢት አይሁንብኝ።

በመመሪያዎ ውስጥ ያለው ሌላው «ባያስ» ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ የሆነ ቁጥር ነው። በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሱትን ቁጥሮች በየክብደታቸው አባዝቶ ይደምራል፤ በመጨረሻ አንድ ቋሚ ቁጥር ይጨመርበታል። ያ ቁጥር ከሌለ መስመሩ ሁልጊዜ በዜሮ በኩል እንዲያልፍ ይገደዳል። ቁጥሩ ሚዛኑን አስቀድሞ ትንሽ ዘንበል ያደርጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ጓደኛ ካለዎት ይጠይቁት፤ ትራንዚስተር ሥራ እንዲጀምር መነሻ የምትሰጠው ትንሽ ቮልቴጅም፣ ለሲሊኮን 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ገደማ፣ በእንግሊዝኛ ስሟ «ባያስ» ነው። ክሮቹ በሰያፍ የተደራረቡበት የድሮው ዓይነት የመኪና ጎማም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ከልብስ ሰፊውና ከኳሱ ሜዳ በቀጥታ የወረሱ ናቸው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ አልደረሱም።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮችዎ። የመጀመሪያውን፣ ስለ ናሙናው የሚናገረውን፣ «ናሙናው ወደ ከተማ ነዋሪዎች ያደላ በመሆኑ ውጤቱ ዝንፈት አለበት» ብዬ እጽፈው ነበር። «ወደ» አለችና «ያደላ» እዚህ ማንንም አይከስስም። ሁለተኛውን «በየነጥቡ ከክብደቶቹ በተጨማሪ አንድ የማዘንበያ ቁጥር ይደመራል»፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ «ባያስ» መባሉንም ይጥቀሱ፤ ተማሪው ኮምፒውተሩ ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ነውና። ሦስተኛው፣ የቅጥር ሥርዓቱ በሴቶች ላይ ያደረገው፣ እርስዎ የጻፉት ነው፤ አድልዎ። እርሱን አርታኢዎ ቢያሰምሩበትም አይንኩት።